የቅዳሜው ልክ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ እትዬ ሜትሩን በታናሽ እህቷ ሆድ ዙሪያ ጠምጥማ ቁጥሩን አየችና ያየችውን ትታ ሌላ ቁጥር ጠራች። ሰዓቱን እንዲህ አጥርታ የምታስታውሰው ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊቷ ስለነበር ነው። ሜትሩ ላይ ያየችው ዘጠና ስድስት ተኩል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ዘጠና ዘጠኝ» ነው። ታናሿም እንደ ልማዷ ቀና ሳትል ጻፈችው።

ስፌት ቤቱ የሁለቱ ነበር። እናታቸው ስትሞት የተወችላቸው አንድ ክፍል፣ በእግር የሚረገጡ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ አንድ ካውያና በደንበኛ ልክ የተሞሉ አሥራ ሰባት ደብተሮች ናቸው። ታላቋን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ታናሿ ሠላሳ ዓመት ሞልቷትም ሚጢ ነበረች። ሥራውም ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያው መንገድ ተከፍሏል። እትዬ ትለካለች፣ ትጠራለች፣ ትቆርጣለች። ሚጢ ትጽፋለች። ስፌቱ የሁለቱም ነው። እትዬ የጠራችውን ቁጥር ሚጢ ተጠራጥራ አታውቅም። አንድ ጊዜ እትዬ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ የአንድ ወፍራም ደንበኛ ወገብ ሃምሳ ስድስት ነው ብትል፣ ሚጢ ሰውዬውን ፊት ለፊቷ እያየችው ሃምሳ ስድስት ብላ ጻፈች። ሱሪው ተሰፍቶ ሲያልቅ ሰውዬው አንድ እግሩን እንኳ ማስገባት አቅቶት፣ የመጣሁት ለራሴ ነው እንጂ ለልጄ አይደለም አለ። ሳቁና አለፈ።

እትዬ ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ገመድ ሲያነጋግር እንጂ ሰው ሲያነጋግር የማይታይ ዝምተኛ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ልጅ ፍለጋ ያልደረሱበት ሐኪም፣ እሷም ያልዋጠችው ኪኒን የለም። በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ሚጢ ግን የአውቶቡስ ሹፌር ባገባች በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት የካውያው እንፋሎት ሸተታትና አፏን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። እትዬ ካውያውን እንደያዘች ቀረች። ወዲያው ነው የገባት። የደንበኛው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ቡናማ ምልክት እስኪወጣ ድረስ እጇን አላነሳችም።

ሚጢ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እትዬ አቅፋ ሳመቻት፤ ደስ ብሎኛል አለቻት። ውሸት አልነበረም። ደስ ብሏታል። ግን ብል የገባበት ሱፍ እንደዚያ ነው፤ ተጣጥፎ ሲያዩት ደህና፣ ዘርግተው ወደ መስኮት ሲያነሡት ብርሃን ያሳልፋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሚጢን ሆድ መዞር ጀመረ። የአዲስ ጨርቅ ሙጫ ስለሚሸታት ጥቅል የሚፈታው በሩ ክፍት ሆኖ፣ በእትዬ እጅ ነው። ካውያውም ወደ እትዬ ዞረ። በየሃያ ደቂቃው ሚጢ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች፤ መጸዳጃ ቤቱን የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ሰዓት ጠጋኙ፣ «እኔ እንግዲህ ሰዓቴን በአንቺ ነው የምሞላው» እያለ ያሾፍባት ነበር። እግሯ ሲያብጥ ጫማዋን ትታ ነጠላ ጫማ አደረገች። ቀለበቷ አልወጣም ብሎ በሳሙና ካስለቀቁት በኋላ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ምሳ ከበሉ በኋላ ዓይኗ አልገለጥ ስለሚል፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሐል ለግማሽ ሰዓት ትጋደማለች። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ አምሮቷ ጠመኔ መሆኑ ነው። እትዬ ጨርቅ ላይ የምታሰምርበትን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ትታ ዞር ስትል ጫፉ ተነክሶ ታገኘዋለች። «ሚጢ፣ ልጅሽ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሆኖ ሊወለድ ነው» ትላታለች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ከዚያ ሚጢ ትተኛለች፤ እትዬ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ትላለች በሆዷ።

ሰዉ ደግሞ አለ። የሹፌሩ መስመር በስፌት ቤቱ ደጃፍ ያልፋል፤ ማቆሚያው ግን እዚያ አይደለም። ሚጢ ካረገዘች ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ተሳፋሪውን እንደጫነ እዚያ ያቆምና በመስኮት ብርቱካን ያቀብላታል። ቋሚ ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱት፣ ከዚያ ጭራሽ የጉዳዩ ባለቤቶች ሆኑ። አንዷ ጨው ቀንሺ ትላለች፤ አንዱ በግራ ጎንሽ ተኚ ይላል፤ ከኋላ ወንበር ፊቱ የማይታይ ሰው «ሹፌር፣ መንታ ከሆነ አንዱን ለእኛ» ብሎ አውቶቡሱን ሁሉ ያስቃል። እትዬ ከጠረጴዛዋ ሆና ታያለች፤ ስድሳ ሰው ለአንድ ሆድ ሲያስብ። ሚጢ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ትሰጣታለች። እትዬ ትበላዋለች። ቀኑን ሙሉ አፏን ሲጎመዝዛት ይውላል።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮም አለች፤ ምላሷ ከእትዬ መቀስ የሚሳል። አንድ ቀን ሚጢን ቁልቁል እስከ እግሯ አየችና ወደ እትዬ ዞራ፣ «አንቺስ እትዬ፣ ለሰው ስትሰፊ መኖርሽ ነው? የራስሽን የምትለብሺው መቼ ነው?» አለቻት። እትዬ ሳቀች። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ የያዘችውን ገበር ሁለት ጊዜ ገልብጣ ሰፋችው፤ ሁለት ጊዜም ተረተረችው።

ያም ሆኖ አራተኛው ወር ላይ ለእህቷ ቀሚስ የሰፋችላት እትዬ ናት። በዕድሜዋ ከሰፋችው ሁሉ የሚበልጥ ቀሚስ ነበር። በግራና በቀኝ ጎኑ ጨርቅ አጥፋ ደበቀችና እላዩ ላይ አምስት መስመር ስፌት አስኬደችበት። ሆድ በገፋ ቁጥር አንድ መስመር ይተረተራል፤ ቀሚሱም ሁለት ጣት ይለቃል። ለዚህ ሲባል ሚጢ ቅዳሜ ቅዳሜ ትለካ ነበር። ልኳም በደብተሩ ላይ በራሷ ገጽ፣ በራሷ እጅ ይጻፋል። የሐኪም ካርዷ የት እንዳለ አታውቅም፤ ያችን ገጽ ግን በቃሏ ይዛ ለባሏ ትነግረዋለች፤ እሱም ለተሳፋሪዎቹ። ደንበኞች ቀሚሱን አይተው ማን ሰፋልሽ ሲሏት ሚጢ በአገጯ እትዬን ታሳያለች። እትዬ ያን ትወደዋለች። በዚያ ሆድ ላይ የእሷ ድርሻ ያ ቀሚስ ብቻ ነበርና።

ስምንተኛው ወር ሊገባ ሲል፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የእትዬ ባል የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ስፌት ቤት መጣ። ከተሰበረ የልብስ ማጠቢያ የፈታውን ትንሽ ሞተር በሚጢ መኪና ሥር ገጠመላት። አንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ሠራ። ሲጨርስ ሚጢ በአውራ ጣቷ ብቻ ነካ ስታደርገው መርፌው እንደ ዝናብ ወረደ። ሚጢ በደስታ የሰውዬውን ራስ ሳመችው። እሱም ፈገግ አለ። እትዬ ያን ፈገግታ ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር።

ሥራዋን ጨረሰች። እቤታቸው ገብተው እሱ ጫማውን ለማውለቅ ሲቀመጥ ነው የጠየቀችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ስረግጥ እግሬ አልታየህም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«እሷስ ጠየቀችህ?»

ባሏ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ቆየ። ከዚያ፣ «እሷ እኮ እርጉዝ ናት» አለ።

ክፋት የለበትም ያለው ነገር። የባሰውም ያ ነው። ክፋት ቢኖርበት መልስ ነበራት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእትዬ በማግስቱ ሜትር አዋሷት። ሚጢ እጆቿን ዘርግታ ቆመች፤ ደብተሩን መዛ ጠረጴዛው ላይ ገልጣዋለች፤ ስለ ሞተሩ ማውራት አላቆመችም። «እትዬ፣ ባልሽን ልቀማሽ ነው መሰለኝ» አለች እየሳቀች። እትዬ ሜትሩን አዞረች። ያለፈው ቅዳሜ ልክ ዘጠና ስምንት ነበር። አሁን ዘጠና ስድስት ተኩል። ሜትሩን አላልታ እንደገና አጠበቀች። ዘጠና ስድስት ተኩል።

መጀመሪያ የመጣባት የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ አሳንሶ ይናገራል። ሜትሩ አርጅቷል። ግን ያረጀ ሜትር ግማሽ ሣንቲም ቢሰርቅ ነው፤ በሳምንት ይህን ያህል አይበላም። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ቁጭ አለ። እውነቱን ብትጠራ የሚሆነው ሁሉ ታያት። ሹፌሩ አውቶቡሱን መንገድ ላይ ጥሎ ሲመጣ፣ ባሏ ሳጥኑን ጥሎ ሲሮጥ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስትገባ፣ ስፌት ቤቱ በቅዳሜ ተዘግቶ ሁሉም ሚጢን ከበው ሲቀመጡ። እሷ ደግሞ ከዳር ቆማ ሜትሩን ስትጠቀልል። በየሳምንቱ ሆዱ አንድ ሣንቲም እንደሚጨምር ታውቃለች፤ መባል ያለበትን ቁጥር ታውቀዋለች። እሱኑ ጠራችው።

ከአፍ የወጣ ከእጅ ያመለጠ ነውና ውሸቱም ልብስ አስፈለገው። ዘጠና ዘጠኝ ካለች አራተኛው መስመር መተርተር አለበት። ተረተረችው። ሚጢ ለበሰችውና፣ ዛሬስ ለቀቅ አለኝ፣ ደስ ሲል፣ አለች። ቀሚሱ ለምን እንደለቀቀ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ስፌቱ ሲተረተር ሁሉም አይተዋላ።

ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ። እትዬ በየማለዳው እነግራታለሁ እያለች ትመጣለች። ሚጢ ግን ቀድማ ስለ አንድ ነገር ማጉረምረም ትጀምራለች። ስለ ወገቧ፣ ሌሊት እግሯን ስለያዛት ቁርጠት፣ ባሏ ጀርባዋን ሲያሽ እንቅልፍ ስለ ወሰደው።  ይህ ሁሉ ምሬት ለእትዬ እንደ ጉራ ነበር የሚሰማት። እኔ ቁርጠቱን ልውሰድ፣ አንቺ የቤቴን ዝምታ ውሰጂ የሚላት ማን ነው?

ረቡዕ ሚጢ ሥራዋን አቁማ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከትናንት ጀምሮ ልጁ ዝም ብሏል አለች፤ የሐኪም ቀጠሮዬ ገና አሥራ አምስት ቀን ይቀረዋል፣ ግን ዛሬ ሄጄ ልታይ ይሆን? ይህን እያለች ደብተሩን ሳበችና ገጿን ገለጠች። በጣቷ ቁጥሮቹን ቁልቁል ተከተለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ረገብ አለ።

«ዘጠና ዘጠኝ። እያደገ ነው እኮ» አለች። «ቦታ ጠቦት ነው አይደል፣ እትዬ?»

እትዬ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። አፏ ውስጥ አምስት ስፒል ይዛለች። ስፒል በአፉ የያዘ ሰው አይናገርም፤ ሚጢም መልስ ሳትጠብቅ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ስፒሎቹን ማውጣት ግን የአንድ ቅጽበት ሥራ ነው። እትዬ አምስቱንም አንድ በአንድ ጠርዙ ላይ ወጋች።

ቅዳሜ ሲመጣ እትዬ ሥራ በዝቷል፣ ልኩ ለሰኞ ይቆይ አለች። ሚጢ አሻፈረኝ አለች። ሐሙስና አርብ ልጁ አንድ ሁለቴ ብቻ እንደነካት፣ ለባሏም እንዳልነገረችው፣ ቁጥሩን ካየች ልቧ እንደሚያርፍላት ተናገረች። ደብተሩን ገልጣ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። እትዬ ሜትሩን ጠመጠመች። ሁለት ጊዜ አመለጣት።

«ዘጠና አምስት» አለች።

ሚጢ ጻፈች። ከጻፈች በኋላ ነው የገባት፤ ከላይ ያለውን ቁጥር አየች፣ የጻፈችውን አየች።

«ተሳስተሻል» አለች።

«አሁን አልተሳሳትኩም። ያለፈው ቅዳሜ ነው።»

«ያለፈውን ተሳስተሽ ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ዘጠና ስድስት ተኩል ነበር። አይቼዋለሁ።»

ሚጢ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። 

«ለምን?»

እትዬ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ስለ አሮጌው ሜትር። ስትጠየቅ ግን አልመጣላትም።

«ቀናሁ» አለች።

 ሚጢ ቦርሳዋን አነሣች። ደብተሩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነጠላ ጫማዋ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበርና እትዬ ተንበርክካ አውጥታ ልታጠልቅላት እግሯን ስትይዝ ሚጢ እግሯን ሳበች። በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች። እትዬ ጫማውን ይዛ ተከተለቻት።

የሹፌሩ የጠዋት ዙር የሚያልፈው በዚያን ሰዓት ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፤ ብርቱካኑ በመስኮት ወጣ፤ የሚቀበለው አልነበረም። ሚጢ በፊተኛው በር ገብታ በባሏ ጆሮ አንድ ነገር ነገረችው። እትዬም ልትሳፈር እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ ሚጢ ዞር አለችና፣ «አንቺ ሱቁን ጠብቂ» አለቻት። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ ዞር ብላ እንደምትነግራት። እትዬ ጫማውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወረደች።

ሹፌሩ ተነሥቶ ለተሳፋሪዎቹ መስመሩን ትቶ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ መሆኑን ነገራቸው፤ መውረድ የሚፈልግ እዚሁ ይውረድ አለ። አንድም ሰው አልወረደም። ጨው ቀንሺ የምትለዋ ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ሚጢን አስቀመጠቻት፤ ሌላዋ የራሷን ሹራብ አውልቃ ባዶ እግሯን ጠቀለለችላት፤ ከኋላ ያ የማይታየው ሰው ዛሬ ዝም ብሏል። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ታጠፈ። እትዬ አስፋልቱ ዳር ቆማ አየች፤ ስድሳ ሰው ወደ አንዲት ሴት ዘንበል ብሎ ሲሄድ። እዚያም ላይ ቀናች። በኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት ከቁጥሩ ይልቅ ይህን ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን በቀዶ ጥገና አወጧት። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነበረች። ሐኪሙ በልጅቷ ዙሪያ ያለው ውሃ መጉደሉን፣ ምግብ በደንብ ሳይደርሳት መቆየቱን ነገራቸው። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢታወቅ ለውጥ ያመጣ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው የእትዬ ባል ነው፤ ምንም ሳያውቅ፣ ዝም ብሎ ለማወቅ። ሐኪሙ ሊያመጣም ላያመጣም ይችላል፣ እንዲህ ነው ለማለት አልችልም አለ። ባሏ ይህን እቤት መጥቶ ቃል በቃል ለእትዬ ነገራት። ሐኪሙ «አዎ» ቢል ወይም «የለም» ቢል ትመርጥ ነበር።

እትዬ በየቀኑ ሆስፒታሉ ኮሪደር ድረስ ትሄድ ነበር፤ ወደ ክፍሉ አትገባም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከሁሉ የሳሳ ነጭ ጨርቅ መርጣ ቀሚስ ሰፋች። በደብተሮቹ ሁሉ ያን ያህል ትንሽ ልክ ስላልነበረ በግምት ነው የቆረጠችው፤ መዳፏን ዘርግታ። ነርሷ ተቀበለቻትና ልጅቷ ቱቦ ስላለባት አሁን ልብስ ማልበስ አይቻልም አለቻት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ሞተች።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ፣ ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች እንኳ ብዙዎቹ፣ ሚጢን «አይዞሽ የልጅ እናት» ይሏት ነበር። እትዬ ወንበር ስታቀብል፣ ውሃ ስታመላልስ ያንን ቃል ትሰማለች፤ ስድስት ቀንም ቢሆን ሚጢ እናት ተብላለች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የእትዬን ያበጠ ዓይን አይታ ለሰዉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ እህት ማለት እንዲህ ናት፣ እናት ሆና ነው ያሳደገቻት፣ አለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ወደ ሚጢ አየች፤ አሁን ትናገራለች ብላ። ሚጢ መሬቱን ታይ ነበር። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም።

ሚጢ ወደ ስፌት ቤቱ አልተመለሰችም። ሞተር የተገጠመለትን መኪና ባሏ ሌላ ሰው ይዞ መጥቶ ወሰደው፤ ደብተሩንም አልመለሰችም። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያኛው እርግዝና የለበሰችው ሁሉ ከገበያ የተገዛ ዝግጁ ልብስ ነበር።